ስንቅ መያዝ የእምነት ጉድለት አይደለም

«እሱ ያደርሰናል» ብለው ትናንት በተገዛ ጫማ፣ ያለ ጋቢ፣ ለገና ወደ ላሊበላ በእግር የሚነሱ ወጣቶች ድፍረታቸውን እምነት ይሉታል። የድሮው ተሳላሚ እንዲህ አልነበረም። በሶውን አስፈጭቶ፣ ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ፣ ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ ቀን ቆጥሮ ነበር ከቤቱ የሚወጣው። (በባዶ እግሩ የሚሄደውም ቢሆን እግሩ ከልጅነቱ የለመደ ነው።)

ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይሰረስራል። ሰው ዳገቱን ይፈራል እንጂ ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው፤ ያውም በጾም። ዱላ ያስፈልጋል። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ፀሐይ ስትበረታ ማረፍ ያስፈልጋል።

ሳይዘጋጅ የወጣው መንገድ ላይ ሲወድቅ የሚሸከመው፣ ከጓዳው ቆርሶ የሚያበላው የላስታ ገበሬ ነው። እሱም እኮ ጾመኛ ነው፤ ልጆችም አሉት።