ፕሮፔለርና መሪ፤ ጀልባን የሚነዳት የሞተር ጉልበት ብቻ አይደለም

አብደራፊ ለሚኖር ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ጀልባ መጻፍ መንገድ መሳት ይመስል ይሆናል። በዚያ አገር ሐይቅ የለም፤ ጓንግና አንገረብም ክረምት ሲሞሉ የሚያስፈሩ፥ በበጋ የሚቀጥኑ ወንዞች ናቸው እንጂ የጀልባ ጎዳና አይደሉም። ነገር ግን የአብደራፊ ሰው ትራክተር ያውቃል። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ አፈር ሲርስ፥ ሞተሩ የሚያጓራ ትራክተር ባለበት ቆሞ ጎማውን በከንቱ ሲያሽከረክር፥ ጉልበቱ ያነሰ ነገር ግን ጎማውና ማርሹ የተስማማለት ሌላ ትራክተር አልፎት ሲሄድ ይታያል። ይህን ያስተዋለ አንባቢ የዛሬውን ጽሑፋችንን እኩሌታ ተረድቶታል፤ ለጀልባ ጎማዋም ማርሿም ፕሮፔለሯ ነውና።

ፕሮፔለር ማለት ከጀልባ በስተኋላ፥ ከውሃ በታች፥ በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክቶ የሚዞረው ባለ ክንፍ መዘውር ነው። የሚታወቀውም በሁለት ቁጥሮች ነው። ለምሳሌ ያህል «14 በ10» ቢባል፥ የመጀመሪያው ቁጥር ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር 14 ኢንች መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛው ርምጃው ነው፤ ይኸውም ብሎን እየዞረ እንደሚገባ ሁሉ፥ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር 10 ኢንች ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት መግፋት ይገባው ነበር ማለት ነው። «ይገባው ነበር» ማለታችን ውሃ እንደ እንጨት የጸና ስላልሆነ ነው። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚዞር እንዲህ ያለ ፕሮፔለር በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር በወሰደን ነበር፤ ጀልባይቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትሄድ ሲሶው በመንሸራተት ጠፋ ማለት ነው።

ርምጃው የበዛ ፕሮፔለር መግጠም ጭነት ይዞ አቀበትን በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደ መሞከር ነው፤ ሞተሩ ይጨነቃል፥ ጥቁር ጢስ ይተፋል፥ ተገቢውን ዙር አያገኝም። ርምጃው ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ በሜዳ ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደ መሮጥ ነው፤ ጩኸቱ ብዙ፥ ጉዞው ጥቂት።

የበዛ ሁሉ የተሻለ አለመሆኑን ፕሮፔለር ገና ሲፈጠር ሰዎች አይተውታል። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ገበሬ በ1836 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ፕሮፔለር የፈጠራ መብት አወጣ። በማግሥቱ ዓመት በለንደን ቦይ ላይ ሲፈትነው፥ ሁለት ዙር የተጠማዘዘው የእንጨት ፕሮፔለሩ ተመታና እኩሌታው ተሰብሮ ወደቀ። ጀልባይቱ ግን ትቆማለች ሲባል ፍጥነቷ ጨመረ! በ1845 ደግሞ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ባለ ፕሮፔለሩን ራትለርንና በጎን መንኰራኵር የሚነዳውን አሌክቶን በስተኋላቸው አሳስሮ አጓተታቸው፤ ራትለርም ባላጋራውን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል እየጎተተ ወሰደው።

ፍጥነት ግን የነገሩ አንድ ወገን ነው። ሌላውና የሚበልጠው ጀልባ ለነጂዋ መታዘዟ ነው። ወደ ፊት ስትሄድ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ በቀጥታ ከኋላው ባለው መሪ ላይ ስለሚያርፍ፥ ጀልባይቱ ገና ሳትንቀሳቀስ እንኳ መሪው ይሠራል። ወደ ኋላ ሲሆን ግን ውሃው ወደ ፊት ስለሚሄድ፥ ጀልባይቱ ፍጥነት እስክታገኝ ድረስ መሪው እንደ ሌለ ይቈጠራል። በዚህም ላይ ፕሮፔለር በውሃ ውስጥ እንደ መኪና ጎማ ወደ ጎን መንከባለል ይወዳል። ከኋላ ሲያዩት ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ ዙሩን ይገለብጥና የጀልባይቱን ጅራት ወደ ግራ ይጎትታል። ልምድ ያለው ነጂ ይህን ዐውቆ ግራ ጎኗን ወደ መቆሚያው ያስጠጋል፤ ኋላ ማርሽ ሲያስገባ ጅራቷ ራሷ ትጠጋለታለች። የማያውቀው ግን ከወደቡ ጋር ይጋጫል።

ይህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በባለ ሸራ ጀልባ ላይ ነው። ሸራዋ በነፋስ ተነፍቶ ሲነዳት ቆሞ የቀረው ፕሮፔለር ይጎትታታል፤ ሦስት ክንፍ ያለው ከሁለት ክንፉ ይልቅ ይብሳል። ስለዚህ ክንፎቹ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉ ፕሮፔለሮች ተሠሩ። ዋጋው ግን ወደብ ላይ ይከፈላል፤ ወደ ኋላ ሲነዱ የውሃው ግፊት ክንፎቹን መልሶ ሊያጥፋቸው ስለሚታገል ብዙዎቹ የመግታት ኀይላቸው ደካማ ነው። ሌላው ዐይነት ክንፎቹን እንደ ላባ ከውሃው አቅጣጫ ጋር ያስተካክላል፤ ወደ ኋላም ደኅና ይሠራል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፥ ግራሶም ይፈልጋል። ለሸራ ፍጥነት፥ ለመቆም ኀይል፥ ለኪስ ርካሽ፤ ሦስቱን ባንድነት የሚሰጥ የለም።

እኛ ባለ ሸራ ጀልባ ባይኖረንም ጣና አለን፤ ጣና ደግሞ ሁለት የራሱ ጠባዮች አሉት። አንደኛው ከፍታው ነው። ከአብደራፊ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሾፌር ደጋው ላይ ሞተሩ እንደሚደክም ያውቃል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። በባሕር ዳርቻ ተሞክሮ የመጣ ፕሮፔለር እንዳለ ቢገጠም፥ ለደከመው ሞተር ርምጃው ይበዛበታል። ሁለተኛው እምቦጭ ነው፤ በ2011 በሐይቁ ላይ ከታወቀ ወዲህ ከዓሣ መረብ ጋር የፕሮፔለር ጠላት ሆኗል። ክንፉ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ፕሮፔለር አረሙን ለማንሸራተት ይረዳል፤ ቀጥ ያለው ግን ይጠመጥመዋል። ፕሮፔለሩ የታሰረበት ጀልባ መግቻም መሪም አጣ ማለት ነው፤ በአጠገቡ ግን ሞተር የሌላቸው፥ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ሰው ይዘው ያልፋሉ።

አንባቢዎቻችን ብዙዎች ዛሬ ወይም ነገ በመሥሪያ ቤት የግዢ መጠየቂያ የሚጽፉ ናቸው። በወረቀቱ ላይ «ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር» ብሎ መፈረም ቀላል ነው። ፈረሱን ገዝቶ ልጓሙን መርሳት ግን ይህ ነው። ጀልባይቱ ስንት ሰው እንደምትጭን፥ የምትሠራበት ውሃ ከፍታው ስንት እንደ ሆነ፥ አረም እንዳለበትና እንደሌለበት ይጻፍ። ርክክቡም ከመፈረሙ በፊት ሙሉ ጭኖ በዚያው ውሃ ላይ ይሞከር፤ ሞተሩ ፋብሪካው የወሰነለትን ሙሉ ዙር ይድረስ፥ ጀልባይቱም ከሙሉ ፍጥነት በስንት ሜትር እንደምትቆም ይለካ። ዙሩ ካነሰ ሞተሩን መውቀስ አያስፈልግም፤ አንድ ወይም ሁለት ኢንች ርምጃው የቀነሰ ፕሮፔለር ማስመጣት ይበቃ ይሆናል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ቀን የበለጠ ሥራ አይሆንም፤ ተሳፋሪው ግን በየቀኑ ሕይወቱን የሚያምነው በዚያ ግማሽ ቀን ሥራ ላይ ነው።