ለከተማ መንገድ የሚበጀው መኪና የትኛው ነው?

ዛሬ የቤት አውቶሞቢል ለመግዛት ወደ ነጋዴ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓይነት መኪናዎች መካከል ሲያመነታ ይታያል። አንደኛው አነስተኛው አውቶሞቢል ሲሆን፣ ሁለተኛው ኤስዩቪ የሚባለው ከፍ ያለ ጂፕ መሰል መኪና ነው። ሁለተኛው በብዙዎች ዘንድ የክብር ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር አስመጪውም ገንዘቡን በእርሱ ላይ ማዋል ይቀናዋል። በእኛ አስተያየት ግን ለዕለት ተዕለት የከተማ ጉዞ የሚበጀው አነስተኛው ነው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የዚህ ንግድ መሠረት የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ይህም ለትልቁ መኪና ይቀርብ የነበረውን አንድ ምክንያት ሽሮታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ተራው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ለእንጦጦ ዳገት ትልቅ ሞተር ይሻላል ይባል ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይሻ በከፍታ ምክንያት አይደክምም።

ልዩነቱ እንዲታይ ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ሁለት መኪናዎችን እናመዛዝን። ቢዋይዲ ሲጋል 3.78 ሜትር ሲረዝም፣ ዩዋን ፕላስ የተባለው 4.45 ሜትር ይረዝማል። የሲጋል ባትሪ እንደ ዓይነቱ 30 ወይም 39 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲይዝ፣ የዩዋን ፕላስ 50 ወይም 60 ያህል ይይዛል። ነገር ግን በከተማ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ከ30ው ሩቡን እንኳ አይጨርስም። እንግዲህ የቀረው ባትሪ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በየቀኑ በከንቱ የሚጓዝ ሸክም መሆኑ ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ይህ ሸክም ለአስመጪውም ለገዢውም ቀላል አይደለም።

በሌላ ወገን ኤስዩቪው ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። ቤቱ አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር ለሆነ፣ ወይም ብዙ ቤተ ሰብ ይዞ ወደ ገጠር ለሚመላለስ ሰው ከፍታው ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ዩዋን ፕላስን የመሰለው መኪና መልኩ ጂፕ ይምሰል እንጂ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ስለ ሆነ፣ በጭቃ ውስጥ እንደ እውነተኛ ጂፕ ይሠራል ተብሎ አይታመንም። ይህን ለገዢው አስቀድሞ መንገር የነጋዴ ግዴታ ነው፤ በክረምት ጭቃ ውስጥ ተይዞ እውነቱን የተረዳ ደንበኛ ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ቶዮታ ቪትዝ በከተማችን ለብዙ ዓመታት ተወዳጅ የሆነው በግርማው ሳይሆን፣ በትንሽ ቦታ ስለሚቆምና መለዋወጫው በሶማሌ ተራ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። ስለዚህ አስመጪዎች አነስተኛውን የኤሌክትሪክ መኪና ሲያመጡ ጎማውን፣ ፍሬኑንና መብራቱን አብረው እንዲያስመጡ፣ ባለ ሱቆችም ከወዲሁ እንዲያከማቹ እናሳስባለን። ለገዢውም የምንለው አባቶች ያሉትን ነው፦ እንደ ቤት እንጂ እንደ ጎረቤት አይኖርም።