አንድ ድንጉላ የቀረው ዝርያ

እንደሚታወቀው በሀገራችን እንስሳትን ስለማሻሻል ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ከውጭ ዝርያ ጋር ማዳቀል ነው። ማዳቀልን አልቃወምም። ነገር ግን ከማዳቀሉ በፊት ሊሠራ የሚገባው አንድ ሥራ ዘወትር ስለሚዘለል፣ የአንድ የሆላንድ ፈረስ ታሪክ ለኤክስቴንሽን ባልደረቦቼ ይጠቅማል እላለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሮኒንገን በሆላንድ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ክፍለ ሀገር ነው። ብዙው መሬት ባሕር ያከማቸው ከባድ የሸክላ አፈር ሲሆን፣ ሲረጥብ እንደ እኛ ዋልካ እግርን አንቆ ይይዛል። የአካባቢው ገበሬ የሚያርሰው በፈረስ ስለነበር ይህን አፈር የሚችል ጉልበት ያስፈልገው ነበር። ሆኖም ያው ፈረስ ሠረገላ ይዞ በሶምሶማ መሄድም ነበረበት። ስለዚህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢውን ባዝራዎች ከጎረቤት የጀርመን አውራጃዎች፣ ከኦልደንቡርግና ከምሥራቅ ፍሪስላንድ በሚመጡ ድንጉላዎች አስጠቁ። ደረተ ሰፊ፣ ጠንካራ ዳሌ ያለው፣ ጠባየ ለስላሳ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ፈረስ ተገኘ።

አርቢዎች እንዲህ ያለውን ፈረስ «ሞቅ ያለ ደም» ይሉታል። አባባሉ ከደም ሙቀት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሁሉም ፈረስ ሰውነት ሙቀት አንድ ነው። ከባዱንና ዝግተኛውን የጭነት ፈረስ «ቀዝቃዛ»፣ ፈጣኑንና ቁጡውን የዓረብና የእሽቅድምድም ፈረስ «ትኩስ» ሲሉ በመካከል ላለው የሰጡት ስም ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር ሲስፋፋ ፈረሱ ሥራ ፈታ። ገበያው የፈለገው ለስፖርትና ለመዝናኛ የሚጋለብ ቀለል ያለ ፈረስ ስለሆነ፣ በ1960ዎቹ የግሮኒንገን ባዝራዎች ለሆልስታይንና ለእሽቅድምድም ድንጉላዎች ተሰጡ። ውጤቱ መልካም ነበር። ዛሬ በዓለም የዝላይ ሜዳዎች የሚታወቀው የሆላንድ የስፖርት ፈረስ ከእነዚህና ከጌልደርላንድ ባዝራዎች የተገኘ ነው። አርቢዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ የሚሸጥላቸውን አረቡ። ጉድለቱ ሌላ ላይ ነው፤ ንጹሑን ዝርያ ለዘር ያስቀረ አካል አልነበረም።

በ1978 የቀረው ንጹሕ ድንጉላ ባልደዋይን የተባለው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከመታረድ የተረፈው ጥቂት ወዳጆች ደርሰውለት ነው። ባዝራዎቹ ሃያ ያህል ነበሩ። በ1982 እነዚሁ ሰዎች ማኅበር አቋቁመው እርባታውን ጀመሩ።

አንባቢ «ሃያ ባዝራ ካለ ምን ያሳስባል?» ይል ይሆናል። የእንስሳት እርባታ ትምህርት ቀላል ስሌት አለው፤ ይኸውም የድንጉላውንና የባዝራውን ቁጥር አባዝቶ፣ በ4 ደግሞ አባዝቶ፣ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። ለአንድ ድንጉላና ለሃያ ባዝራ የሚገኘው 3.8 ነው። ይህም ማለት በረቱ ውስጥ ሃያ አንድ ፈረስ ቢቆጠርም የዘር ስፋቱ አራት እንስሳት እንኳ አይሞላም። ባዝራዎቹን አርባ ብናደርሳቸው ስሌቱ ወደ 3.9 ብቻ ከፍ ይላል። ባዝራዎቹ ሃያ ሆነው ድንጉላዎቹ አምስት ቢሆኑ ግን 16 ይሆናል። ውርንጭላ ሁሉ በአባት ወንድምና እኅት በሆነበት መንጋ የዘመድ ርቢ አይቀሬ ነው። ስለዚህም ሆላንዶች ከቀድሞዎቹ ዘመዶች፣ ከጥንታዊው ዓይነት የኦልደንቡርግና የምሥራቅ ፍሪስላንድ ፈረሶች፣ እንደገና ዘር መለመን ግድ ሆነባቸው። ጎረቤቶቹም ዝርያቸውን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር?

ወደ እኛ እንመለስ። በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይቷል፤ እነርሱም የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴን እና በሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የሚኖሩት ናቸው። የቁንዱዶዎቹ ቁጥር ያኔም እጅግ ጥቂት ነበር። የሌሎቹ ፈረሶች ሥራ ገና አላለቀም፤ ይጋለባሉ፣ ይጫናሉ፣ ጋሪ ይጎትታሉ። ይህ ጊዜ ሰጥቶናል። ነገር ግን ጠንካራው ወንድ ወደ ከተማ ለጋሪ ሲሸጥ ወይም ሲኮላሽ፣ በግጦሽ ላይ ባዝራዋን የሚያገኛት ገዢ ያጣው ደካማ መሆኑን ብዙዎቻችን አይተናል። የባዕድ ድንጉላ ከማምጣት በፊት ይህን ማስቆም ይሻላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

የልማት ሠራተኛው በሚሠራበት ቀበሌ ያሉትን ያልተኮላሹ ድንጉላዎች በቁጥር፣ በዕድሜና በባለቤት ስም ቢመዘግብ ሥራው የጥቂት ቀናት ነው። ከእነዚህም ዝምድና የሌላቸውን አምስት ወይም ስድስት መርጦ ባለቤቶቻቸው ሳይሸጡና ሳያኮላሹ ለጎረቤት ባዝራዎች እንዲያውሉ፣ የማስጠቂያ ዋጋም እንዲቀበሉ ማግባባት ይቻላል። ምዝገባውን ለመጀመር አመቺው ጊዜ ከመኸር በኋላ፣ ፈረሶቹ በየውድማው ሲሰበሰቡ ነው።