“በእኔ ዕቁብ ቀበሮ ልናይ?”

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ባልና ሚስት ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ሰፈራቸውንም አልናገርም። “ለሌላው ይጠቅማል” ብለው ፈቅደውልኛል። ሁለቱንም ያነጋገርኳቸው ለየብቻ ነው። አብረው ሲሆኑማ እየተሳሳቁ እውነቱን ይሸፋፍኑታል!

እሱ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሂሳብ ሲደምር ይውልና ቅዳሜ ሲመጣ ሩቅ የሚያሳይ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንጦጦ ይወጣል፤ ወፍ ለማየት። እሷ ማር፣ ቅቤና ቅመማ ቅመም የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። እሷ የምትወደው ሰው፣ ገበያና ቡና ነው። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ገና አልወለዱም፤ “ምን ትጠብቃላችሁ?” የሚለው ጥያቄ በዓል በመጣ ቁጥር ከሁለቱም ወገን አብሮ ይመጣል። ባለፈው ገና መኮራረፉ ሲበዛ “እስቲ ወጣ ብለን እንምጣ” ተባባሉ። ገንዘቡስ? የእሷ ዕቁብ ወጥቶ ነበር። ለሱቁ ፍሪጅ ልትገዛበት ያሰበችውን ብር ለጉዞው አዋለችው። ይቺን ፍሪጅ አትርሷት።

የት እንሂድ በሚለው ላይ አልተጣሉም። ሁለቱም በአንድ አፍ “ባሌ!” አሉ። (አገሩን ማለቴ ነው፤ እሷ “ባሌ” ስትል አክስቷ እንኳ አንዳንዴ ይምታታባቸዋል።) ታዲያ ጉዱ የተጀመረው እዚሁ ላይ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው በሆዳቸው የያዙት ባሌ ሌላ ሌላ ነበር።

የእሱ ባሌ ከዲንሾ ይጀምራል። ዲንሾ ሮቤ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሲቀር የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። በኮሶውና በጥዱ መሀል የደጋ አጋዘን ሰው ብዙም ሳይፈራ ሲግጥ ይታያል። ኒያላ የምትሉት ማለት ነው፤ ሲጋራው ሳይሆን እንስሳው። የድሮዋን የ10 ሳንቲም ገልብጣችሁ ብታዩ እሱን ታገኙታላችሁ። ከጎባ በላይ ደግሞ ሳነቴ አለ፤ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ። ከዚያ ሜዳ ላይ ብቅ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ቀይ ቀበሮ የሚታየው እዚህ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ ወላድነት የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው “ሳታየው ተመለስ” ማለት ግፍ አይደለም?

የእሷስ ባሌ? ጎባ ናት። ተወልዳ እስከ ስድስት ዓመቷ ያደገችው እዚያ ነው፤ ያሳደጓት አክስቷ ዛሬም እዚያው ናቸው። ጎባ በቀድሞው ጊዜ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መቀመጫ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ሮቤ ናት። በሮቤ ዙሪያ ዓይን እስኪታክት ስንዴ ነው፤ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ገበሬው ሁለት ጊዜ ይዘራል። ገበያው ውስጥ ገብሱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ከሐረና ጫካ የሚወጣው ማር! ለነጋዴ ሴት ይህ መዝናኛዋም እንጀራዋም ነው። እሷንስ “ሳታዪው ተመለሽ” ሊሏት ነው?

ጉዞው የተያዘው ለስድስት ቀን ነው። አውቶቡሱ በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ሲደርስ እሱ “እዚህ እንውረድና እንደር” አለ። እሷ “አክስቴ ዶሮ ሠርታ እየጠበቀችን!” አለች። አልወረዱም። እሱ አጋዘኖቹ ባሉበት በኩል አንገቱ እስኪጣመም በመስኮት እያየ አለፈ።

በማግስቱ ሙሉ ቀን የአክስት ቤት ነበር። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አማቹን አይቶ ይመርቃል፤ ሌላው ይተካል። “ሰባት ቤት ቡና ጠጣሁ” ይላል እሱ፣ “ቆጥሬያለሁ።” ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። አንድ ሁለት ጊዜም ተነሥቶ ደጅ ወጣ። እሷም አየች። ዘመዶቼን ናቃቸው ብላ ያዘችበት።

በሦስተኛው ቀን የእሱ ተራ ሆነ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሷት በኮንትራት መኪና ወደ ሳነቴ። የለበሰችው ነጠላና ስስ ጫማ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ በባሌ ከፍታዎች በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ራሷን ያማት ጀመር፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ማስመለስ። እሱ ግን በዚያች ደቂቃ አገኛታ! አንዲት ቀይ ቀበሮ አይጥ ታደባለች።

“ራሴን ይዤ ሳቃስት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘ዝም በይ፣ ትሸሻለች!’”

በነገራችን ላይ ቅብጠት አልነበረም። ጎባ ራሷ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ከዚያ በመኪና ቢበዛ በሰዓት ጊዜ ውስጥ 4,000 ሜትር ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ጤነኛ ሰው ሊታመም ይችላል። ጎበዝም ሰነፍም አይመርጥም። ከመውጣታችሁ በፊት ጎባ ወይም ዲንሾ ሁለት ሌሊት አሳልፉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ወፍራም ልብስ ያዙ፣ እላይ ስትደርሱ አትሩጡ። ራስ ምታቱ ከባሰና ማስመለስ ከመጣ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው። “ትንሽ ታገሺ” የሚል ባል ሐኪም አይደለም።

ያቺ የርዕሳችን ቃል የወጣችው መኪናው ቁልቁል ሲመለስ ነው፤ “በእኔ ዕቁብ ቀበሮ ልናይ?” እሱም መለሰ፤ ምን እንዳለ አልጽፈውም። ጎባ ሲደርሱ አይነጋገሩም። ከሰዓት በኋላ እሷ መናኸሪያ ሄዳ ለማግስቱ የአዲስ አበባ ቲኬት ቆረጠች። አንድ ቲኬት።

ማታ አክስት ሁለቱንም አስቀምጠው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ የወጣውን ጉድ ስሙልኝ። ለካ እሱ ገና በመጀመሪያው ሌሊት “አንቺ ከአክስትሽ ጋር ዋዪ፣ እኔ ተራራውን ብቻዬን አይቼ ልምጣ” ብሏት ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው። “ሰው ምን ይላል? ባሏ አክስቷ ቤት ጥሏት ሄደ ይላሉ” ብላ። እሱም አልገፋበትም፤ “እትዬ ይቀየሙኛል” ብሎ ፈራ። አያችሁልኝ? እሷ የማትወደውን ተራራ የወጣችው፣ እሱም የማይወደውን ወሬ ሲሰማ የዋለው ለጎረቤት ሲባል ነው! ፍቅራቸው አይደለም ያጎተታቸው፣ ይሉኝታ ነው። እኔ እንደታዘብኩት የብዙዎቻችን የመንገድ ጠብ ከዚህ ነው የሚነሣው። ባልና ሚስት ለግማሽ ቀን ከተለያዩ ተጣሉ ተብሎ ስለሚወራ፣ እንዳይወራ ሲባል አብሮ እየዋሉ የምር መጣላት!

አክስት ብዙ አልተናገሩም። “እኔና ያንቺ አጎት 38 ዓመት ስንኖር እሱ ከብቱ ዘንድ፣ እኔ ገበያ ነበር የምንውለው። ማታ የሚያወራኝ አጥቶ አያውቅም። እናንተ ቀኑን ሙሉ ተጣብቃችሁ ውላችሁ ማታ የምትነጋገሩት አጣችሁ። ጎረቤቱን ለእኔ ተዉት፣ እኔ እነግራቸዋለሁ” አሉ። ቲኬቱንም ተቀብለው ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ሮቤ ገቡ። እሷ ገበያ ቀረች፤ እሱ ወደ ዲንሾ ቀጠለ። አሥር ሰዓት ላይ ሮቤ አንዲት ሻይ ቤት ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ሰዓቱን ልብ በሉ፤ “ስጨርስ እመጣለሁ” ቀጠሮ አይደለም።

እሱ ዲንሾ አስጎብኚ ይዞ በእግሩ ሲዞር ዋለ። አጋዘኑን አየ፣ ከርከሮውን አየ፣ ድኩላውን አየ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነገራት ግን አስጎብኚው ስለ ቀይ ቀበሮ ያጫወተውን ነው። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ነው የሚኖሩት። ንጋትና ምሽት ላይ ተሰብስበው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። ቀን ቀን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚያድነው፤ ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለአንዲት አይጥ መንጋ ሆኖ መሄድ ትርፉ ማባረር ነው።

“ማታ ሲገናኙስ ይኮራረፋሉ?” አለችው።

እሷም ተራዋን ስለ ማሩ አወራችለት፤ የቱ ስኳር እንደገባበት በሽታውና በአወራረዱ እንዴት እንደለየች፣ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክራ፣ ስንት ጊዜ ሄዳ ተመልሳ እንደገዛች። “በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዋ ይህን ያህል ሰምቼ አላውቅም” ብሎኛል።

እዚያው ሻይ ቤት ሌላም ነገር ተነገረ። በአክስት ቤት ቡናው ላይ ተነሥቶ ደጅ የወጣው ሰልችቶት ብቻ አልነበረም። አንዲት ጎረቤት “ልጅስ?” ብለው ሲጠይቁ መቀመጥ አቅቶት ነው። ተራራውን እንደዚያ የቸኮለበት አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። እሷ ደግሞ ያንን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትመልስ ነው የዋለችው። ይህን ሲነግረኝ እሱ ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም።

በአምስተኛው ቀን አብረው ወደ ሐረና ወረዱ። ከጎባ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ነው። በዚህኛው ቀን ጋቢ ደርባለች፣ ከፍታውንም ለምዳለች፤ ሜዳው ላይም ብዙ አልቆሙም። ጅብራው አልፎ፣ አስታው አልፎ፣ ሽበት የመሰለ ነገር ያንጠለጠሉ ትልልቅ ዛፎች ውስጥ ስትገቡ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፤ እንደዚያ ከፍ ብለው እንዴት እንደተሰቀሉ ማየት ብቻውን ያስገርማል። ወደ ታች ሲወረድ ሰው ያልተከለው ቡና ከዛፎቹ ሥር በቅሎ ይታያል። እሱ ቀርከሃው ውስጥ የባሌን ጦጣ ሲፈልግ፣ እሷ ከማር ቆራጮቹ ጋር ስለ ሰፈፍ ስታወራ ዋለች። አንዱ ሌላውን “እንሂድ” አላለም። በመካከሉ መነጽሩን ተቀብላ አንድ ቀፎ አየችበት። እሱ ይህንን ትልቅ ድል አድርጎ ነው የሚያወራው!

ለእናንተስ? ከመነሣታችሁ በፊት፣ ገና ቤት ሳላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ “ይህን ካላየሁ አልሄድኩም” የምትሉትን አንድ ነገር ተናገሩ። አንድ ነው ያልኩት፤ አሥር አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሶፍ ዑመርንም ሊያዩ አስበው ነበር፤ የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበትን ያንን ረጅም ዋሻ። ተዉት። ስድስት ቀን ስድስት ቀን ነው። እሱ እስካሁን ያንገራግራል፤ ያንገራግር።

የምታርፉበት ዘመድ ካለ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ “ማክሰኞ እሱ ተራራ ይውላል፣ እኔ ከእናንተ ጋር ነኝ” በሉ። አስቀድሞ የተነገረ ነገር ለሐሜት አይጥምም። ገንዘቡንም እንዲሁ። የማንም ዕቁብ ይሁን፣ አውቶቡስ ላይ ከወጣችሁ በኋላ የሁለታችሁ ነው፤ “በእኔ ብር” የምትለዋን ቃል ቤት ቆልፋችሁባት ውጡ። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ብሩን እኩል አዋጡ፣ ወይም ፍሪጁን ግዙ። የምሬን ነው። በፍሪጅ የተጣላ ባልና ሚስት እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንዳንዶቻችሁ “ባለቤቴን ግማሽ ቀን ብቻዋን ብለቃት ማን ያውቃል…” እያላችሁ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ የጉዞ ጉዳይ አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ሳምንት እመለሳለሁ። በተቃራኒው ደግሞ ጠዋት ተለያይቶ ማታ ለመኝታ ብቻ የሚገናኝ አለ። እሱም አብሮ መጓዝ አይባልም፤ ቢያንስ አንድ ሐረና ይኑራችሁ።

ፍሪጁ እስካሁን አልተገዛም። ከሮቤ ያመጣችው ማር ግን ተሸጦ የመንገዱን ወጪ በከፊል መልሶላታል፤ ደንበኞቿም “ያ የባሌ ማር የለም?” እያሉ ይመላለሳሉ። ያ ቲኬትም ከአክስት ሻሽ ተፈትቶ አሁን የሱቋ ገንዘብ ማስቀመጫ ውስጥ ነው።

ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ክርክሩ ከወዲሁ ተጀምሯል። እሱ ነጭ ሳር፣ እሷ ሐረር። ለሐረር ገበያና ለሐረር ቡና ሟች ናት። ባለፈው እሁድ ሳገኛቸው እሱ ወደ መሸነፉ ነበር፤ ሐረር ላይ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ በእጅ እንደሚበላ የሆነ ሰው ነግሮታል።

“ጅቡን እኔም አየዋለሁ” አለች እሷ፣ “ከመኪና ሳልወርድ።”

ሳምንት እንገናኝ።