ሸርጣን ለማይበላው ጎረቤት

መጋቢት ሲጋመስ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉ ትልልቅ መደብሮች ደጃፋቸው ላይ የሣር ማዳበሪያ ይከምራሉ። ቅዳሜ ጠዋት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ሰፈሮች ያለፈ ሰው፣ ባለሁለት ጎማ መበተኛውን እየገፋ በግቢው ወዲያና ወዲህ የሚል የቤት ባለቤት አያጣም። ከእነዚህ መካከል ሐበሻው ጥቂት አይደለም። ታክሲ እየነዳ፣ ፓርኪንግ እየጠበቀ፣ በሌሊት ፈረቃ ሕሙማን እያስታመመ ቤት የገዛ ሰው ነው። የፊት ለፊቱ ሣር ቢጫ ሲመታ መንገደኛው ሁሉ «እዚህ ቤት የገባው ማነው?» የሚል ይመስለዋል፤ ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይከተላል። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ ከታዘዘው ትንሽ ጨመር አድርጎ ይበትናል። አባቱ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ለማግኘት ተሰልፎ ሲውል ያየ ልጅ፣ ማዳበሪያ በዝቶ ጉዳት ያመጣል ቢሉት በቀላሉ አይዋጥለትም።

የተበተነው ሁሉ ግን ሥር ጋ አይደርስም። ከፊሉ በመኪና መግቢያው ሲሚንቶ ላይ ይረግፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ወደ መንገድ ዳሩ የጎርፍ መውረጃ ይገባል። ያ መውረጃ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ሳይሆን በአብዛኛው ወደ ማጣሪያ ጣቢያ አይሄድም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሆነ መድረሻው ስላይጎ ክሪክ ሊሆን ይችላል፤ እሑድ እሑድ በዳሩ ያለው መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ልጆቻችን ብስክሌት የሚነዱበት ጅረት ነው። ስላይጎ ከኖርዝዌስት ብራንች ይቀላቀላል፤ ያ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ቤይ ይፈሳል።

ቼሳፒክ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይርዘም እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ከ6 ሜትር ተኩል አያልፍም። ወደዚህ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ግን የስድስት ስቴቶችና የዲሲ ጎርፍ ይወርዳል፤ በዚያ ምድር ላይ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሣር እንደሚያሳድጉ ሁሉ ውኃ ውስጥ ሲገቡ አልጌ ያሳድጋሉ። አልጌው ፀሐይ ስለሚከልል ሸርጣን የሚሸሸግበት የውኃ ውስጥ ሣር ይጠፋል። አልጌው ሲሞት ደግሞ ወደ ታች ዘቅጦ ይበሰብሳል፤ መበስበሱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በየበጋው ቤዩ ውስጥ «የሞተ ቀጠና» የሚባል ሰፊ ቦታ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። መሸሽ የሚችለው ይሸሻል፤ የማይችለው እዚያው ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ፣ የቼሳፒክ ቤይ ፕሮግራም በዲሲ አካባቢ ያስጀመረው ዘመቻ እስካሁን ይነሳል። መፈክሩ «ሸርጣኖቹን አድኗቸው፤ ከዚያ ብሏቸው» የሚል ነበር። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ወጣለት፤ በየምግብ ቤቱም ከመጠጥ ብርጭቆ ሥር የሚነጠፈው ካርቶን ላይ ታተመ። ከመፈክሩ ጀርባ የነበረው ስሌት ቀላል ነው። ሰው ስለ ቤዩ ሲጠየቅ «ያሳስበኛል» ይላል፤ ቅዳሜ ሲደርስ ያው መበተኛውን ይገፋል። ስለ አካባቢ ጥበቃ መስበክ ስላልሠራ በሆዱ በኩል እንምጣበት አሉ። የጠየቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጋቢትና በሚያዝያ ማዳበሪያ አትበትኑ፤ የግድ ካላችሁ መስከረምን ጠብቁ። ምክሩ ለሣሩም ይስማማዋል። የዚህ አካባቢ ሣር ሥሩን የሚያጠነክረው አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር ነው፤ በመጋቢት የሚሰጠው ናይትሮጅን በአብዛኛው ቅጠሉን ያስረዝምና ባለቤቱን ማጨጃ ያስገፋዋል።

ዘመቻው ብልህ ነበር፤ በተለይ አሥር ትእዛዝ ከመደርደር አንዱን መምረጡን እወድለታለሁ። የእኛን ሰው ደጅ ግን አላንኳኳም። ሐበሻ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ሸርጣን እየበላ አላደገም። ለኦርቶዶክሱማ ነገሩ ጭራሽ የሚጸየፈው ፍጥረት ነው፤ መጋቢት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁዳዴ ወር ነው። በሁዳዴ ሽሮና አዚፋ የሚበላን ሰው «የሸርጣን ጥብስህ እንዳይቀርብህ» ብሎ ማስፈራራት አይቻልም። (ጥሩ ዜና የሚሆነው ለሸርጣኑ ብቻ ነው።) እንቅፋቱ ቋንቋ ነው እንዳይባል፣ ዲሲ የመንግሥት አገልግሎት ለነዋሪው በቋንቋው እንዲሰጥ የሚያስገድደውን ሕግ ያወጣችው በ2004 ነው፤ አማርኛም ከተጠቃሚዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የክትባት፣ የምርጫና የትምህርት ቤት ምዝገባ ወረቀት በአማርኛ አንብቤያለሁ። ስለ ሣር የሚያወራ ግን እጄ ገብቶ አያውቅም።

ዘመቻው በምክር የጀመረውን የስቴቶቹ ሕግ አጠናከረው። ሜሪላንድ በ2011 ያወጣችውና በ2013 ጥቅምት ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ የአፈር ምርመራ ያስፈልገዋል ካላለ በቀር ሣር ላይ ፎስፈረስ መጨመርን ይከለክላል። የቤት ባለቤት ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት መግቢያ ምንም ማዳበሪያ መበተን አይችልም። ለ1,000 ስኩዌር ጫማ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ናይትሮጅን ከ0.9 ፓውንድ አይበልጥም፤ ሲሚንቶ ላይ የረገፈውን መጥረግም ግዴታ ነው። ቨርጂንያም ፎስፈረስ ያለበትን የሣር ማዳበሪያ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከገበያ አወጣች። የገበያው ትልቁ አምራች ስኮትስ ደግሞ ፎስፈረሱን እንደሚያወጣ በ2011 አስታውቆ ነበር። ዛሬ ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች መካከለኛው፣ የፎስፈረሱ፣ ዜሮ ሆኖ ብታዩት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ማንም ሸማች በየቤቱ ሳይመከር ተስተካከለ። የቀረው ግን፣ ማለትም መቼ፣ ስንት ጊዜና ስንት እንደሚበተን፣ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በየግቢው እየዞረ የሚመዝን ተቆጣጣሪ ከቶ የለም።

እውነቱን ለመናገር ቤዩን በዋናነት የሚበክለው የእኛ ግቢ አይደለም። ትልቁን ድርሻ የያዘው እርሻው ነው፤ በተለይ የፔንሲልቬንያ ማሳና የዶሮና የከብት ፍግ። ስቴቶቹ ብክለቱን እስከ 2025 ድረስ ለመቀነስ የተቀበሉትን ግብ ሙሉ በሙሉ አላሳኩም፤ ለዚህም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ሣር መውቀስ ዓይን ያወጣ ሐሰት ይሆናል። ቢሆንም ገበሬው ላይ ጣት መቀሰሩ አይመቸኝም። እሱ ቢያንስ እህል ያመርትበታል። ሣሩን ማንም አይበላውም፤ ላምም አይግጠውም። ጣና ላይ እምቦጭ ሲንሰራፋ በየአገሩ ያለን ሰዎች ገንዘብ አዋጥተናል፤ ያን አረም ያወፈረው ከማሳና ከከተማ በጎርፍ የሚገባው ንጥረ ነገር እንደሆነ ብዙዎቻችን ሰምተናል። እዚህ ደጃፋችን ላይ ያው ነገር ሲሆን ግን እያንዳንዳችን ከረጢት ይዘን ቆመናል።

ስለዚህ ለሐበሻው የሚበጀው ዘመቻ ሸርጣን አያስፈልገውም፤ ኪሱንና ጉልበቱን ቢያናግር ይበቃዋል። የታጨደውን ሣር በከረጢት ሰብስቦ ከመጣል እዚያው መተው፣ በዓመት ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚደርሰውን በነጻ ይመልሳል። የአፈር ምርመራ ዋጋው ከአንድ ከረጢት ማዳበሪያ ብዙም አይርቅም፤ ምናልባትም «ምንም አትጨምር» የሚል መልስ ይዞ ይመጣል። ሣሩን ለድርጅት የሰጠ ሰው ኮንትራቱን አንብቦ «በመጋቢት አትበትኑልኝ» ማለት ይችላል፤ ብዙዎቻችን ግን የምንፈርመውን አናነብም። ማኅበሩ ደብዳቤ የጻፈበትም ሰው መከላከያ አለው፤ ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ማኅበራት አገር በቀል ተክል የተተከለበትን ግቢ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክሉ አግዳለች። ይህን ለጎረቤቱ ያስረዳ ሰው ከአንድ ማስታወቂያ ይልቃል።

የሚነገርበት ቦታም ሩቅ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ የእድርና የሰንበት ትምህርት ቤት ማስታወቂያ በሚነበብበት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ልጆቹ የአካባቢ ጥበቃውን ነገር ትምህርት ቤት ተምረውታል፤ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ክሪኩ ውስጥ ይገባል» የሚለው ልጅ በየቤቱ አለ፤ አባት ግን ሣሩን በተመለከተ ከልጁ ይልቅ ከእድር ዳኛው ቢሰማው ይቀለዋል። ማስታወቂያውን የሚናገሩት ሰዎች ወሩ ላይ ግን መሳሳት የለባቸውም። በመጋቢት ብቻ የተናገሩ እንደሆነ ሰው ያቆምና በመስከረም ያልበተነውን ጨምሮ ይበትነዋል። ስለ ልኩና ስለ አፈር ምርመራው በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሳትፈታ፣ ከረጢት ከመገዛቱ በፊት ይነገር።