በሰኔ የጸደቀው፣ በኅዳር የጨመረው

እኛ ካርቲየ ሰባት የምንነግድ ሰዎች ዱቤ ደብተር እናውቃለን። ደብተሩ ላይ ያለውን ደብቆ ሌላ ቁጥር ለሚናገር ነጋዴ ሁለተኛ ጊዜ ዕቃ በእምነት የሚሰጠው የለም። መንግሥታችን ግን ይህንኑ አድርጎ "ታገሡ" ይለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ 2016 ምክር ቤቱ ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር አጸደቀ። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22፣ የብር ተመን ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ቤት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። ኅዳር 2017 ላይ ደግሞ ተጨማሪ 582 ቢሊዮን ብር ግድም ተጠየቀ፤ ጸደቀም። ከመጀመሪያው በጀት ከግማሽ በላይ! ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የነበረው ድርድር በአንድ ሌሊት አላለቀም። ታዲያ ሰኔ ላይ በጀቱን ያቀረቡት ሰዎች ሐምሌ የሚመጣውን አያውቁም ነበር? ካወቁ ለምን በድሮው ዋጋ የተሰላ ወረቀት አስጸደቁ?

እኛም አንዋሽ፤ የድሮው የባንክ ተመንም ውሸት ነበር። በ57 ብር ዶላር አገኘሁ የሚል ነጋዴ እዚህ ሰፈር የለም። ስለዚህ ተመኑ መለቀቁን አንቃወምም። የጅቡቲ ፍራንክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለአንድ ዶላር 177.7 ላይ ቆሟል፤ የሚንሸራተተው የኛ ብር ነው። ለቤተሰብ ፍራንክ ስንልክ ብሩ በዝቶ ይደርሳል፤ ድሬዳዋ ያሉ እናቶቻችን የሚገዙት ዘይት ግን አልበዛም።

የምንቃወመው የተደበቀውን ወጪ ነው። ታኅሣሥ 2016 ላይ አገሪቱ 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በዚያው ዘመን የካ ላይ የጫካ ፕሮጀክት ይገነባል፤ ምክር ቤት ውስጥ ሲጠየቁም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገንዘቡ ከበጀት የወጣ አይደለም አሉ። ከየት ነው ታዲያ? ስጦታ ከሆነ ሰጪው ይነገረን። ብድር ከሆነ ከፋዩ እኛና ልጆቻችን ነን። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ደርሷል፤ ግብሩም አብሮ ጨምሯል። ደወሌ ላይ ጉምሩክ የያንዳንዱን ካርቶን ደረሰኝ ይጠይቀናል፣ እናሳያለን።

የሚቀጥለው በጀት ሲቀርብ የጫካ ፕሮጀክት የሚል መስመር፣ ከጎኑም ቁጥርና የገንዘቡ ምንጭ ተጽፎ ማየት እንፈልጋለን።