በልጉ ሳይገባ ካቡን እናንሣ

የመሐል ሜዳና የዙሪያዋ ወገኖች ሆይ! ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ በልጉም ገና ነው። ካብ የሚጠገነው በዚህ መሃል ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ወዲያ የረጠበ ዳገት ሥር ቆሞ ድንጋይ መንቀል ሞትን መጥራት ነው።

ዛሬውኑ ማሳችሁ ዳር ቁሙና የእርከኑን ካብ በጎን በኩል እዩት። ሆዱን ገፍቷል? ጫፉ ወደ ቁልቁለቱ ዘሟል? ከበላዩ ያለው መሬት በካቡ ርዝመት ተሰንጥቋል? ከብት ገለባ ሊለቅም ሲሻገር የናዳቸውንም ድንጋዮች አትናቁ፤ የወደቁባት ክፍተት ክረምት ላይ የጎርፍ በር ናት።

ካብን የሚጥለው ውሃ ነው። የራሰ አፈር ይከብዳል፣ መውጫ ያጣው ውሃም ከኋላ ይገፋል። ከተማ ውስጥ በሲሚንቶ የተሠራውን የድጋፍ ግንብ የሚያስረግዘውም ይኸው ነው፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳው ተረስቷል፣ አለዚያም በአፈር ተደፍኗል። ታዲያ ያበጠን ካብ በጭቃ መለሰን ምን ይጠቅማል? ከላይ ወደ ታች ይፍረስ፤ ሥሩን መቦርቦር ሰው ያስበላል። መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሁን፣ የላዩ ድንጋይ የታችኞቹን መጋጠሚያ ይርገጥ፣ ረጃጅሙ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሰር፣ ካቡም ወደ ዳገቱ ጋደል ይበል። ከኋላው ጠጠርና ኮረት ይሞላ፣ ከበላዩም ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቀደድ። ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቤት ወይም መንገድ የተሸከመውን ግን መሐንዲስ ሳያየው አንንካ።

በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ለዘመናት የቆመው በየትውልዱ የወደቀው ስለሚነሣ ነው። እኛስ? የጓሳን የሣር ምድር ቄሮ በተባለው ሥርዓት ለዘመናት በጋራ የጠበቁ አባቶች ልጆች አይደለንም? ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ተማክረው የወሰኑ ሰዎች ልጆች የዳገቱን ውሃ በጋራ መምራት አያቅታቸውም።

የላይኛው ጎረቤት ካብ ሲናድ ድንጋዩም ጎርፉም የታችኛው ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ማንም ለብቻው የሚጠግነው ካብ የለም። ጅጌ እንጥራ! አቅመ ደካማና ባሏ የሞተባት እናት ማሳ አይዘለል። ዲጂኖና አካፋ ያለው ይዞ ይውጣ፣ ካብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ወጣቱን ድንጋይ መምረጥ ያስተምሩት፣ ጠላና ቆሎ የቻለ ያቅርብ። ሰኞ ማለዳ ከዳገቱ አናት፣ ከላይኛው ማሳ እንጀምር!